ዋተርሎን የከበቡት ሰዎች

የዋተርሎ ውጊያ ሲነሳ ሁለት ስሞች ይቀድማሉ፤ የፈረንሳዩ ናፖሊዮንና የእንግሊዙ ዌሊንግተን። ውጊያው የተካሄደው ግን ከብራሰልስ በስተደቡብ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ርቆ ነው። ስለዚህ ከተማዋ ከነነዋሪዋ፣ ከነእንግዶቿና ከነወታደር ሚስቶቿ የታሪኩ አካል ናት።

ናፖሊዮን እ.ኤ.አ. በ1814 ወደ ኤልባ ደሴት ሲጋዝ የእንግሊዝ ባላባቶች ብራሰልስን ሞሏት። ኑሮው ከለንደን ይረክስ ነበር። ልጅም ዕዳም የበዛበት የሪችመንድ መስፍን ቤተሰብ እዚያው ቤት ተከራይቶ ይኖር ነበር። ናፖሊዮን ተመልሶ ሥልጣን ይዞ፣ በእሱ ላይ ያበሩት አገሮች ጦር ቤልጂየም ውስጥ ሲሰባሰብ እንኳ ግብዣው አልቆመም።

እ.ኤ.አ. ጁን 15 ቀን 1815 ማታ የመስፍኑ ባለቤት ከ200 የሚበልጡ እንግዶችን ለዳንስ ጠሩ። የስኮትላንድ ወታደሮች በአገራቸው ጭፈራ ቤቱን አደመቁት። በመሐሉ ፈረንሳዮች ድንበር ተሻግረው ካትር ብራ ወደተባለው መስቀለኛ መንገድ መቃረባቸው ተሰማ። መኮንኖቹ እየተሰናበቱ ወጡ፤ ልብስ መቀየሪያ ጊዜ ያጡት በማግስቱ በዳንስ ጫማና በሐር ካልሲ ተዋጉ። ከእንግዶቹ አንዱ የነበሩት የብሩንስዊክ መስፍን በዚያው ቀን ካትር ብራ ላይ ተገደሉ።

የተራው ወታደር ሚስት ሕይወት ከዚህ አዳራሽ በጣም የራቀ ነበር። የእንግሊዝ ጦር ወደ ዘመቻ ሲሄድ ከመቶ ወታደር ስድስት ያህል ሚስቶች ብቻ እንዲከተሉ ይፈቅድ ነበር። ማን እንደሚሄድ የሚለየው በዕጣ ነበር። ዕጣ ያልወጣላት ባሏን ወደብ ላይ ተሰናብታ ያለ ገቢ ትቀራለች። የወጣላት ደግሞ የወንዱን ግማሽ ቀለብ እየተሰፈረላት ታጥባለች፣ ትሰፋለች፣ ቁስለኛ ታስታምማለች። ባሏ ከሞተ ቀለቡም ይቋረጣልና ብዙዎቹ ኀዘናቸው ሳይወጣላቸው ከዚያው ክፍለ ጦር ሌላ ወታደር ያገቡ ነበር። በዚህ ሊፈርድባቸው የሚችል ሰው ያለ አይመስለኝም፤ በባዕድ አገር፣ ልጅ ታቅፎ፣ ሌላ ምን መንገድ ነበር? በፈረንሳዮቹም ወገን የብራንዲ በርሜል በጎናቸው አንጠልጥለው ጦሩን የሚከተሉ ሴቶች ነበሩ።

ጁን 18 ቀን የዋተርሎ ውጊያ ሲያበቃ ሸክሙ ብራሰልስ ላይ ወደቀ። ሆስፒታሎቹ ስላልበቁ ቁስለኛው መንገድ ዳር በተነጠፈ ገለባ ላይ ተኛ፤ ነዋሪዎችም የማያውቁትን ሰው እያስገቡ አስታመሙ። ከእንግሊዝ የመጣው ቀዶ ሐኪም ቻርልስ ቤል ቁስለኞችን እያከመ ቁስላቸውን በሥዕል አስቀረ።

ከሁሉ ይበልጥ የምትነካኝ ማግደሊን ደ ላንሲ ናት። የተጋባችው ኤፕሪል 1815 ነው። ባሏ ሰር ዊልያም፣ የዌሊንግተን ከፍተኛ የጦር መኮንን፣ በውጊያው መሐል ከአለቃው ጋር ሲነጋገር የመድፍ አረር መታው። አንትወርፕ ከተማ ሆና ስትጠብቅ መጀመሪያ ደህና ነው አሏት፤ ቀጥሎ ቆስሏል፣ ከዚያ ሞቷል፣ እንደገና በሕይወት አለ። ሄዳ አንዲት የገጠር ጎጆ ውስጥ ተኝቶ አገኘችው። ጁን 26 ቀን እስኪያርፍ ድረስ ከአጠገቡ ሳትለይ አስታመመችው። በኋላ ያየችውን ለወንድሟ ጽፋ ሰጠችው። ጽሑፉ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ዋልተር ስኮትና ቻርልስ ዲክንስ አንብበውታል። በመጽሐፍ የታተመው ግን በ1906 ነው፤ እሷ በ1822 ካረፈች ከ84 ዓመት በኋላ።