የሊኑክስ ጥቅል

የሊኑክስ ጥቅል (ፓኬጅ) ማለት የአንድን ሶፍትዌር ፋይሎች ከነመግለጫቸውና ከነመጫኛ ትእዛዛቸው አንድ ላይ የያዘ ፋይል ነው። በ1993 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው ዴቢያን እና በእርሱ ላይ የተገነባው ኡቡንቱ «ዴብ» የተባለውን የጥቅል ዓይነት ይጠቀማሉ።

አወቃቀር

የዴብ ፋይል ሦስት ክፍሎች አሉት፦ የቅርጹን ስሪት የሚገልጽ አጭር ጽሑፍ፣ መግለጫውና ትእዛዞቹ ያሉበት ክፍል፣ እንዲሁም በኮምፒውተሩ ላይ የሚሰፍሩት ፋይሎች። መግለጫው የጥቅሉን ስም፣ ስሪት፣ የፕሮሰሰር ዓይነትና አብረው መኖር ያለባቸውን ሌሎች ጥቅሎች ይዘረዝራል።

የተለያዩ ክፍሎች በአንድ ጥቅል

በሊኑክስ አማርኛ ለመጻፍ ቢያንስ ሦስት ነገሮች ያስፈልጋሉ፦

* ቅርጸ ፊደል (ፎንት)፣ ለምሳሌ አቢሲኒካ ሲል። ከሌለ ፊደሎቹ ባዶ ሳጥን ሆነው ይታያሉ።
* የላቲን ፊደል ቁልፎችን ወደ ግዕዝ ፊደል የሚቀይር ሠንጠረዥ።
* ሠንጠረዡን አንብቦ የሚሠራ ፕሮግራም፣ ለምሳሌ አይባስ።

ቅርጸ ፊደልና ሠንጠረዥ በማንኛውም ፕሮሰሰር ላይ ያው ናቸው። ፕሮግራሙ ግን ለየፕሮሰሰሩ ዓይነት ለብቻው ይዘጋጃል። ስለዚህ ሦስቱ በአንድ ከታሸጉ ጥቅሉ በሙሉ ለአንድ የፕሮሰሰር ዓይነት ብቻ ይሆናል። ፈቃዳቸውም ስለሚለያይ የየአንዳንዱ ፈቃድ በጥቅሉ ውስጥ ተለይቶ መጻፍ አለበት።

ያለ ኢንተርኔት መጫን

ዴቢያን ክፍሎቹን በየጥቅላቸው ለያይቶ ያስቀምጣል፤ የጎደለውን ጥቅል መጫኛው ራሱ ከኢንተርኔት ያወርዳል። ይህ አሠራር ግንኙነት በሌለበት ቦታ አይሠራም። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ፣ ክልሉ ውስጥ እንዳሉት እንደ ፍኖተ ሰላምና ቡሬ ባሉ ከተሞች ሶፍትዌርን በፍላሽ ከማምጣት ሌላ ያለው አማራጭ ጠባብ ነበር። ከሚያስፈልጉት ጥቅሎች አንዱ ከፍላሹ ላይ ከጎደለ፣ የተጫነው ጥቅል ሳይዋቀር ይቀራል።

ሁሉን በአንድ ማሸግ ይህን ችግር ቢቀንስም ሁለት ጉዳቶች አሉት። አንደኛ፣ በውስጡ ያለውን ፋይል ሌላ ጥቅል አስቀድሞ ጭኖት ከሆነ መጫኛው ሥራውን ያቆማል። ሁለተኛ፣ የደኅንነት ማስተካከያ ሲወጣ በውስጡ የታሸገው ቅጂ አብሮ አይታደስም፤ አሻጊው ጥቅሉን እንደገና ማዘጋጀት አለበት።

በመሆኑም ክፍሎቹን ለያይቶ ሁሉንም ጥቅሎች በአንድ ፍላሽ ላይ መያዝ ይመረጣል። ተጠቃሚው አንድ ነገር ብቻ ይዞ ይሄዳል፤ ግንኙነት ሲመለስም እያንዳንዱ ክፍል በራሱ ይታደሳል።