ሁለት እሳት ያለው ቤት እንዴት ይጠበቃል?

ዘንገና ሐይቅ ከእንጅባራ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛል። በዙሪያው ክረምቱ ረጅምና ዝናባም ነው፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ደግሞ የሌሊቱ ብርድ ያንዘፈዝፋል። እንዲህ በሚበርድ አገር ለማሞቂያ ብቻ ተብሎ የተሠራ ዕቃ ያለው ቤት ግን ብዙም አይገኝም። ቤቱን የሚያሞቀው ምግብ የሚበስልበት እሳት ነው። እንጀራ የተጋገረ ለት ጓዳው ብቻ ሳይሆን ሳሎኑም ይሞቃል፤ ቡና ሲፈላ ቤተሰቡ ከሰሉን ከቦ ይቀመጣል።

በእንጅባራ፣ በዳንግላና በአዲስ ቅዳም ከተሞች ይህ እሳት ዛሬ ሁለት ሆኗል። አንዱ የእንጨትና የከሰል፣ ሌላው የኤሌክትሪክ ነው። መብራት ሲኖር በኤሌክትሪክ ምጣድ ይጋገራል፤ ሲጠፋ ወይም ኃይሉ ሲደክም እንጨቱ ይነዳል። በአውሮፓ ያሉ አንዳንድ ቤቶች የጋዝ ቦይለርንና ከውጭ አየር ሙቀት እየሳበ ወደ ቤት የሚያስገባ የኤሌክትሪክ መሣሪያን አጣምረው ይጠቀማሉ፤ ባለቤቶቹም ብዙ ጊዜ ከአንድ ጥገና ሰጪ ጋር የዓመት ውል ይገባሉ። ባለሙያው በቀጠሮው መጥቶ ሁለቱንም ይፈትሻል። በእኛ ቤት ሁለቱ እሳቶች አሉ፤ ቀጠሮው ግን አልተለመደም። ምጣድ የሚጠገነው ሽቦው ሲቃጠል፣ ምድጃ የሚታየው ሲሰነጠቅ ነው። እኔ የማምነው ቀጠሮው ለእኛም ቤት እንደሚያስፈልግ ነው። የትኛው ሥራ ለባለሙያ፣ የትኛው ለቤተሰቡ እንደሚተው ለመለየት ግን አስቀድሞ ዕቃዎቹን ማወቅ ይገባል።

እንጨቱ ከቅርብ ነው የሚመጣው። በፋግታ ለኮማ ወረዳ ገበሬው አሲድ የበዛበትንና ምርቱ ያነሰበትን ማሳ ዲከረንስ በሚባል፣ ከአውስትራሊያ በመጣ የግራር ዝርያ ሸፍኖታል። ችግኙ በመጀመሪያው ዓመት ከጤፍ ጋር አብሮ ያድጋል፤ በአራት በአምስት ዓመቱ ተቆርጦ ከሰል ይሆናል፤ ከሰሉም በመኪና ተጭኖ እስከ አዲስ አበባ ይሄዳል። በእንጅባራ ዙሪያ የቤቱ እሳት የገበሬው ሰብል ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ስለዚህ በምድጃ ላይ የሚቆጠብ እንጨት ገንዘብ ነው።

ተረቱ ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም ይላል። ስለ ወጡ እውነቱን ነው፤ ስለ እንጨቱ ግን ጉልቻ መለወጥ ብዙ ለውጥ ያመጣል። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1980ዎቹ አገር ውስጥ ተሠርቶ የተሰራጨው ምርጥ የሚባለው ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር የእንጀራ መጋገሪያ እንጨትን በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። የሚሠራው ከሲሚንቶና ከአሸዋ ነው። የተነጣጠሉ ክፍሎቹ ሲገጠሙ ምጣዱ የሚቀመጥበት ክብ ይሆናሉ፤ ከኋላ ደግሞ ጭሱ የሚወጣበትና ድስት የሚጣድበት ቦታ አለው። የሚቆጥብበት ምክንያት ቀላል ነው፦ ነበልባሉ በነፋስ ወደ ጎን አይሸሽም፤ ሙቀቱ ተከልሎ የምጣዱን ሆድ ይመታል።

የዚህ ምድጃ ጥገና የቤተሰቡ ሥራ ነው፤ ለእሱ ባለሙያ መጥራት አያስፈልግም። በመገጣጠሚያዎቹ መካከልና በምጣዱ ጠርዝ ዙሪያ ክፍተት ካለ ሙቀቱ በዚያ ያመልጣል፤ ጭሱም ወደ ቤት ይገባል። ክፍተቱን ለመለየት እሳቱን አንድዶ ጭሱ በየት በኩል እንደሚወጣ ማየት በቂ ነው፤ በመውጫው ብቻ ከወጣ ምድጃው ደህና ነው። ከሌላ ቦታ ከወጣ በጭቃ መምረግ ነው። አመዱ ሲጠራቀም አየር ስለሚያፍንና እሳቱን ስለሚያዳክም ከየጋገራው በኋላ መጠረግ አለበት። አዲስ ምድጃ የሚያሠራ ሰው ሲሚንቶው ለቀናት ውሃ እየጠጣ ሳይጠነክር እሳት እንዳይነድበት ቢያስጠነቅቅ ይበጃል፤ ቸኩለው ያነደዱበት ምድጃ ቶሎ ይሰነጠቃል።

የኤሌክትሪክ ምጣዱ ሌላ ዓለም ነው። ከላይ የሚታየው ያው የሸክላ ምጣድ ነው፤ እንደ ሌላው በጎመን ዘር ይሟሻል፣ በማሰሻ ይታሰሳል። ከሥሩ ግን ሸክላው ላይ ዙሪያውን የተቦረቦረ ቦይ አለ፤ በቦዩ ውስጥ የተጠቀለለ ሽቦ ተዘርግቶ በጀሶ ይታሸጋል። ኤሌክትሪኩ በሽቦው ሲያልፍ ሽቦው ይግላል፤ ሸክላውም ሙቀቱን ቀስ ብሎ ይቀበላል። አንድ ምጣድ 3500 ዋት ያህል ይወስዳል እንበል። በ220 ቮልት ሲሰላ 16 አምፔር ገደማ ነው፤ ይህም ከአምፖል፣ ከቴሌቪዥንና ከስልክ ቻርጀር ድምር እጅግ ይበልጣል።

ከዚህ ቁጥር ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛው ሂሳቡ ነው። በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ በየጊዜው ለአንድ ሰዓት ተኩል የሚጋግር ቤት በአራት ሳምንት 42 ኪሎ ዋት ሰዓት በምጣድ ብቻ ይጠቀማል። በአገራችን ታሪፍ ዝቅተኛው ዋጋ የሚሠራው በወር እስከ 50 ኪሎ ዋት ሰዓት ድረስ ሲሆን ከዚያ በላይ በየደረጃው ይጨምራል፤ ምጣዱ ብቻውን ያንን ደረጃ ሊሞላው ጥቂት ብቻ ይቀረዋል። ሁለተኛው ገመዱ ነው። 16 አምፔር ቀጭን ገመድ ያግላል፤ የላላ ሶኬት ደግሞ ከገመዱም ይብሳል። የሶኬቱ ፕላስቲክ የጠቆረ፣ መሰኪያው ሲነካ የሚያቃጥል ከሆነ ጉዳቱ ተጀምሯል ማለት ነው። ምጣድ የራሱ መስመርና የራሱ ብሬከር ሊኖረው ይገባል፤ ገመዱም ከ2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ያላነሰ፣ ቢቻል 4 የሆነ። በማራዘሚያ ገመድ መጋገር ግን ፈጽሞ መቅረት አለበት።

አሁን ብዙ ሰው ወደሚሳሳትበት ልለፍ። እንጀራው ዓይን አላወጣ ሲል፣ ምጣዱ ላይ ሲለጠፍ፣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ሽቦው ነው። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ የሽቦው ሳይሆን የኃይሉ ነው። የምጣድ ሙቀት ከቮልቱ ጋር እኩል አይቀንስም፤ ከቮልቱ ይልቅ በፍጥነት ይወርዳል። 220 የነበረው ወደ 180 ሲወርድ የ3500 ዋቱ ምጣድ 2300 ዋት ገደማ ብቻ ይሰጣል፤ ከሙቀቱ ሲሶው ሄደ ማለት ነው። ማታ ሁሉም ቤት በአንድ ጊዜ ሲያበስል ይህ ይደርሳል። ስለዚህ ምጣዱን ከማስፈታት በፊት በሌላ ሰዓት፣ ለምሳሌ በማለዳ፣ ጋግሮ ማየት ገንዘብ ያድናል። በማለዳ ደህና ከጋገረ ምጣዱ ጤነኛ ነው።

ሽቦው በእርግጥ ከተበጠሰ ግን ጥገናው ጥንቃቄ ይፈልጋል። አንዳንድ ጠጋኝ የተቃጠለውን ጫፍ ቆርጦ ሁለቱን ጠምዝዞ ያያይዛል። ርካሽ ነው፤ ግን የጠመዘዘው ቦታ ከሌላው ይበልጥ ይግላል፣ እዚያው ላይ ደግሞ ይበጠሳል። ከዚያም በላይ ሽቦው አጠረ። አሥረኛ እጁ ቢቆረጥ ቀሪው ሽቦ የሚወስደው ኤሌክትሪክ በአንድ ዘጠነኛ ያድጋል፤ 16 የነበረው ወደ 18 አምፔር ይጠጋል። ሽቦው፣ ሶኬቱና ገመዱ ሦስቱም ያንን ሸክም ይሸከማሉ። ሁለት ሦስት ጊዜ እንዲህ የተጠገነ ምጣድ ገመዱን ማቅለጥ ሲጀምር ሰው ገመዱን ይወቅሳል። ስለዚህ ሙሉ ሽቦ ማስቀየር ይሻላል፤ ጥቅሉም በቦዩ ውስጥ እኩል ተስቦ መዘርጋቱን ማየት ያስፈልጋል። ጥቅሉ በተጨናነቀበት በኩል እንጀራው ያራል፣ በሳሳበት በኩል ሊጥ ሆኖ ይቀራል።

የእንጅባራ አካባቢ ክረምት ለዚህ ምጣድ ልዩ ጠላት ነው። ሸክላና ጀሶ እርጥበት ይጠጣሉ፤ የረጠበ ጀሶ ደግሞ ኤሌክትሪክ ያሳልፋል። ሴቶች ምጣዱ ይነዝራል የሚሉት ያን ጊዜ ነው። የነዘረ ምጣድ በደረቅ እንጨት ላይ ቆሞ የሚጋገርበት ዕቃ አይደለም፤ ከሶኬት ነቅሎ ባለሙያ እስኪያየው ማቆየት ይገባል። የላሜራ አካሉ ከመሬት መስመር፣ ባለሙያዎች ግራውንድ ከሚሉት ጋር መያያዙ ሕይወት ያድናል። በክረምት ምጣዱን ከመሬት አንሥቶ ደረቅ ቦታ ማስቀመጥ፣ በውሃ አለማጠብ፣ ሊጥ ወደ ሥሩ እንዳይፈስ መጠንቀቅ የቤተሰቡ ድርሻ ነው።

እንግዲህ ቀጠሮውን ስለማቀድ። ሲበላሽ ብቻ መጥራት ርካሽ ይመስላል፤ ምጣድ ግን የሚበላሸው እንጀራ ሲያልቅና እንግዳ ሲመጣ ነው፤ ያን ጊዜ ባለቤቱ የተጠየቀውን ይከፍላል፣ የተሰጠውን ጥገና ይቀበላል። ለአንድ ቤት ብቻ የዓመት ውል መግባት ደግሞ ብዙ ጊዜ አያዋጣም፤ ሥራው ያን ያህል አይደለምና። እኔ የምመርጠው የአንድ ግቢ ወይም የአንድ መንደር ጎረቤቶች ተባብረው፣ ከክረምቱ በፊት በግንቦት፣ አንድ የታመነ ኤሌክትሪሽያን ለአንድ ቀን እንዲያመጡ ነው። በአንድ ጉዞ ብዙ ምጣድ ስለሚያይ ለእያንዳንዱ ቤት ዋጋው ይቀንሳል። በዚያ ቀን ሶኬቱንና ብሬከሩን ይፈትሽ፣ የላሉ መጋጠሚያዎችን ያጥብቅ፣ የመሬት መስመሩን ይለካ፣ ምጣዱ የሚወስደውን አምፔር በመለኪያ አይቶ ይንገር። ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጽፎ መያዝ በሚቀጥለው ዓመት ሽቦው ማጠሩንና አለማጠሩን ያሳያል። ሽቦ ከቀየረ አሮጌውን ለባለቤቱ ይመልስ፤ ከአዲሱ ጋር ርዝመቱን ማስተያየት የሚቻለው ያኔ ነው።

የቀረው ከሰሉ ነው፤ ከሁሉ አብልጬ የምፈራውም እሱን ነው። ላቀች የሚባለው የከሰል ምድጃ ከተራው የቆርቆሮ ማንደጃ ያነሰ ከሰል ይፈጃል፤ ውስጡ ያለው ሸክላ ሲሰነጠቅ መቀየር እንጂ ሌላ ጥገና የለውም። አደጋው ግን በምድጃው መሰንጠቅ አይደለም። በዝናባማ ማታ በርና መስኮቱ ተዘግቶ፣ ከሰሉ እንደ ተቀጣጠለ ቤተሰቡ ይተኛል። ብዙ ሰው ከሰሉ ጭሱ ጠፍቶ ከቀላ በኋላ ጉዳት የለውም ብሎ ያምናል። ይህ ስሕተት ነው። የቀላው ከሰል ሽታም ቀለምም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ያወጣል፤ ጋዙ በደም ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ተሸካሚ ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል። ሰውየው ራሱን ያመዋል፣ ያዞረዋል፣ ያቅለሸልሸዋል፤ ተኝቶ ከሆነ ግን ምንም ሳያውቅ ሊሞት ይችላል።

ስለዚህ ከሰል በሚነድበት ክፍል መስኮቱ ወይም በሩ በከፊል ክፍት ይሁን፤ ሊተኛ ሲል ምድጃው ከነፍሙ ወደ ውጭ ይውጣ። በአንድ ክፍል ውስጥ ያሉ ሁለት ሦስት ሰዎች በአንድ ጊዜ ራሳቸውን ካመማቸው ጉንፋን ነው ብሎ መገመት አይገባም። ወዲያው ወደ ንጹሕ አየር ማውጣት፣ ራሱን የሳተ ካለ ወይም ሕመሙ ካልተወ ደግሞ ሳይዘገዩ ኦክስጅን ወደሚሰጥበት ሆስፒታል ወይም ጤና ጣቢያ ማድረስ ያስፈልጋል፤ ነፍሰ ጡር ሴትና ሕፃን ካሉ ደህና ቢመስሉም መታየት አለባቸው።