ርካሽ ስማርት ስልክ በወግዲ ሚዛን

በደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ዳርቻ፥ ከቦረናና ከከላላ ተዋስኖ እስከ ዓባይ ሸለቆ በሚደርሰው በወግዲ ወረዳ፥ ልጁን ለከፍተኛ ትምህርት የሚልክ ገበሬ ዛሬ ከመንገዱ ገንዘብና ከአንሶላው ጋራ አንድ ሌላ ወጪ ያስባል፤ ይኸውም ስልክ ነው። በመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ በመካነ ሰላም ግቢም ሆነ ከዚያ ርቆ የሚማር ተማሪ የትምህርቱን ጽሑፍ የሚቀበለው አብዛኛውን ጊዜ በቴሌግራም ነው። በወረዳ ጽሕፈት ቤት አዲስ የተቀጠረውንም ወጣት፥ ደብዳቤውን ፎቶ አንሥቶ እንዲልክ አለቃው ያዘዋል። ስለዚህ በግ ይሸጣል፥ ወይም ጤፍ ከጎተራ ይሰፈራል፥ ወይም ደመወዝ ይጠራቀማል፤ ከዚያም ስልኩ ይገዛል።

ይህን ያህል የተደከመበት ገንዘብ በቀለምና በሻጭ ምላስ ብቻ ሲወጣ ስለምናይ፥ ነገሩን በወግዲ ሰው ሚዛን ልንመዝነው ወደድን።

ርካሽ የሚለው ቃል ራሱ ድሮ የነበረውን ትርጉም አልያዘም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፥ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። የቴክኖ፥ የአይቴልና የኢንፊኒክስ ስልኮች ባለቤት የሆነው የቻይናው ትራንሲዮን ኩባንያ በአገራችን ስልክ መገጣጠም ከጀመረ ከ10 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ዳሩ ግን የሚገጣጠመው ዕቃ ከባሕር ማዶ የሚመጣ ስለ ሆነ የምንዛሪው ነገር ስልኩንም አይምረውም። እንግዲህ ርካሽ የምንለው ከሌላው ያነሰውን ነው እንጂ ኪስን የማይጎዳውን አይደለም።

ወደ ሱቁ እንግባ። ገዢው በመጀመሪያ የሚሰማው «ስምንት ጊጋ ነው ወንድሜ» የሚለውን ነው። ካርቶኑም ላይ 8 ተብሎ በትልቁ ተጽፎ ይገኛል። ቀረብ ብሎ ላነበበው ግን ከሥሩ በትንሽ ፊደል 4 ሲደመር 4 የሚል ብዙ ጊዜ አይጠፋም። ነገሩ እንዲህ ነው። ራም የሚባለው በጸሐፊው ፊት ያለ የሥራ ጠረጴዛ ነው፤ ስቶሬጅ የሚባለው ደግሞ ከኋላው ያለ የመዝገብ ሣጥን ነው። ጠረጴዛው ሰፊ ሲሆን ብዙ ሥራ በአንድነት ይዘረጋበታል። ሁለተኛው 4 እንግዲህ ጠረጴዛ አይደለም፤ ከሣጥኑ ላይ ተቀንሶ ለጠረጴዛነት የተበደረ ቦታ ነው። ጥቂት ይረዳ ይሆናል፤ ነገር ግን ሣጥኑ ከጠረጴዛው እጅግ የዘገየ ነውና 8 ብሎ መቁጠር አይገባም። ገዢው የሚጠይቀው «እውነተኛው ራም ስንት ነው?» ብሎ ነው።

በእኛ አስተያየት ወሰኑ እዚህ ላይ ነው፤ 4 ጊጋባይት እውነተኛ ራምና 64 ጊጋባይት ስቶሬጅ ያለው ስልክ ለተማሪም ለሠራተኛም ይበቃል፤ 2 ጊጋባይት ራምና 32 ጊጋባይት ስቶሬጅ ያለው ግን ዋጋው ቢያባብልም ለዚህ ሥራ መገዛት የለበትም። ጉግል ለደካማ ስልኮች ብሎ ከ2010 ዓ.ም. አንሥቶ ያወጣው «አንድሮይድ ጎ» የሚባል ቀለል ያለ ሥርዓት አለ። በ2 ጊጋባይት የሚሄዱት ብዙዎቹ በእርሱ ነው፤ ሥራውንም ለክፋት አንነቅፈውም። ይሁን እንጂ የስልኩ ሥርዓትና አብረውት የመጡት መተግበሪያዎች ከ32ቱ ብዙውን ይዘው ይቆያሉ፤ የቀረውን ቴሌግራም ከጓደኞች በሚመጣ ቪዲዮ በጥቂት ወራት ይሞላዋል። ከዚያ በኋላ ተማሪው አንድ መጽሐፍ ለማስገባት አንድ ፎቶ ይደመስሳል።

ለስሌት ያህል አንዱ ስልክ 8,000 ብር፥ ሌላው 12,000 ብር ነው እንበል። የመጀመሪያው በ12 ወር ከታከተ በወር 667 ብር ገደማ በላ ማለት ነው፤ ሁለተኛው 36 ወር ካገለገለ በወር 333 ብር ገደማ ነው።

ካሜራውን በተመለከተ ረዥም ነገር አንናገርም። ከኋላው ሦስት ዓይን መደርደሩ ሦስት ካሜራ አለው ማለት አይደለም፤ በርካሾቹ ላይ አንዱ ብቻ የሚሠራ፥ የቀሩት ለጌጥ የሚቀርቡ ብዙ ናቸው። ፈተናው ቀላል ነው፤ በማኅተም የተመታ ደብዳቤ ፎቶ አንሥቶ ማኅተሙ ተነቧል ወይ ብሎ ማየት ነው።

የባትሪው ነገር ግን በወግዲ ከካሜራ ይበልጣል። 5,000 ሚሊአምፔር ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ዛሬ በርካሽ ስልክም ይገኛል፤ ይህ መልካም ነው። ከካርቶኑ የሚወጣው ቻርጀር ባለ 10 ዋት የሆነ እንደ ሆነ ግን ያንን ባትሪ ለመሙላት ሦስት ሰዓት ያህል ይፈልጋል። መብራት ለጥቂት ሰዓት መጥቶ በሚሄድበት ስፍራ፥ ባለ 18 ዋት የሚቀበል ስልክ ግማሽ ሌሊት ከማንጋጠጥ ያድናል።

ኔትዎርክስ? 4ጂ የሚል ስልክ የ4ጂ ጣቢያ በሌለበት ቀበሌ ወደ 3ጂ ወይም ወደ 2ጂ መውረዱ የማይቀር ነው፤ ከመግዛት በፊት ጎረቤትን መጠየቅ ይሻላል። በአማራ ክልል በ2015 ዓ.ም. የሞባይል ኢንተርኔት ከተቋረጠ በኋላ በብዙ ስፍራ ለረዥም ጊዜ ዳታ አልነበረም። በዚያን ጊዜ የጠቀመው በስቶሬጁ ውስጥ መጽሐፍና መዝገበ ቃላት አስቀድሞ ያኖረ ስልክ ነው፤ የጆሮ ማዳመጫውን ሽቦ እንደ አንቴና አድርጎ ኤፍ ኤም የሚይዝ ሬዲዮ ያለውም እንዲሁ። 64ቱን ያጠበቅነው ስለዚህ ነው።

ደግሞ ስማርት ስልክ የማያስፈልገው ሰው አለ። ቴሌብር በ*127#፥ የንግድ ባንክም አገልግሎት በ*889# በተራ ባለ ቁልፍ ስልክ ይሠራል። በ2006 ዓ.ም. ለገበሬ የተከፈተው የ8028 የእርሻ ምክር መስመርም በማናቸውም ስልክ ደውሎ እንዲደመጥ ታስቦ የተሠራ ነበር። ባትሪው ቀናት የሚቆየውን የአባቱን ቁልፍ ስልክ አስጥሎ የሚታከት ስማርት ስልክ የሚገዛለት ልጅ፥ ስጦታ ሰጠ ለማለት ያስቸግረናል።

የጥገናውን ነገር ብዙ ሰው የሚያስበው መስታወቱ ሲሰበር ነው። በመካነ ሰላም ያለ ጠጋኝ በየዕለቱ የሚፈታው ዓይነት ስልክ መለዋወጫው በቅርብ ይገኛል፤ ስሙ ያልተለመደ ስልክ ግን ደሴ ወይም አዲስ አበባ ይላካል፥ የመኪናውና የአልጋው ወጪ መስታወቱን ሊያህል ይችላል።

ገንዘቡን ከመቁጠር በፊት ገዢው የራሱን ሲም አስገብቶ ይደውል፤ *#06# ብሎ የሚወጣውን ባለ 15 አኃዝ ቁጥር ከካርቶኑ ጋራ ያመሳክር፤ «ስለ ስልኩ» በሚለው ገጽ ራሙንና ስቶሬጁን ያንብብ፤ ከባድ መጽሐፍ ከፍቶ ወደ ታች ይግፋ። ደረሰኝ ላይም የስልኩ ቁጥር ይጻፍለት፤ ዋስትና ጠያቂ ሆኖ ሲመለስ ሻጩ የሚያየው እርሱን ነውና።