የሰብል ሠንጠረዥ በግልጽ ጽሑፍ ሲጻፍ ስለሚያስፈልገው ጥንቃቄ

ከየወረዳው የሚላከው የሰብል መግለጫ ብዙ ጊዜ በእጅ ስልክ ወይም በኮምፒዩተር ይጻፋል፤ ተቀባዩም በሌላ መሣሪያ ይከፍተዋል። ባለሠንጠረዥ ፕሮግራም በሌለበት ጊዜ ለጸሓፊው የሚቀርለት ፊደልና ቁጥር ብቻ የሚቀበል ግልጽ የጽሑፍ ማዘጋጃ ነው። በእንዲህ ያለው ማዘጋጃ ውስጥ መስመር ማስመር፣ ዓምድ ማስፋት፣ ሁለቱን ሣጥን አንድ ማድረግ አይቻልም። ስለዚህ ብዙዎቹ ጸሓፊዎች ባዶ ቦታ እየደረደሩ ዓምዱን በዓይናቸው ያስተካክላሉ፤ ጥፋቱም የሚጀምረው ከዚሁ ነው።

በፈረንጅ የጽሕፈት መኪና እያንዳንዱ ፊደል እኩል ቦታ ይይዝ ስለ ነበር በባዶ ቦታ የተስተካከለ ዓምድ ቀጥ ብሎ ይቆም ነበር። በኮምፒዩተርም ይህን ልማድ የሚከተሉ እኩል ስፋት ያላቸው የፊደል ዓይነቶች አሉ። ነገር ግን ከእነርሱ ብዙዎቹ የግዕዝ ፊደል የላቸውም፤ ኮምፒዩተሩም የጎደለውን ከሌላ የፊደል ዓይነት ይዋሳል፤ የተዋሰውም ስፋቱ ከቀረው ጋር አይስማማም። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1999 ዓ.ም. የወጣው ሦስተኛው ዩኒኮድ ለግዕዝ ፊደል መለያ ቁጥር ሰጠው እንጂ ስፋቱን አልወሰነለትም። በዚህ ምክንያት በጸሓፊው ዘንድ የተስተካከለው ሠንጠረዥ በተቀባዩ ዘንድ ይዘባረቃል፤ የስንዴው 1200 ኩንታል በጤፉ አርእስት ሥር ይወድቃል። ዘርና ማዳበሪያ የሚደለድለውም ሹም ስሕተቱን የሚያውቅበት ምልክት የለውም፤ ቁጥሩ ቁጥር መስሎ ይታየዋልና።

መድኃኒቱ ዓምዱን በቦታ ሳይሆን በምልክት መለየት ነው። ታብ በሚባለው ቁልፍ የተለየ ጽሑፍ ተቀድቶ ወደ ኤክሴል ሲገባ እያንዳንዱ ቁጥር በየዓምዱ ይቀመጣል። በስልክ ለሚላክ መልእክት ግን ለዓይን የሚታየው ቁም መስመር ይሻላል፤ ታብ በጉዞ ላይ ወደ ባዶ ቦታ ሊለወጥ ይችላልና። በፈረንጅ ኮማ መለየት የሚጠቅመው ጥንቃቄ ላለው ብቻ ነው። ሺውን ከመቶው ለመለየት 1,200 ተብሎ የተጻፈ እንደ ሆነ ኮምፒዩተሩ አንድና ሁለት መቶ አድርጎ ይከፍለዋል፤ በ2005 ዓ.ም. (በአውሮፓ) የታተመው ደንብም እንዲህ ያለው ቁጥር በትእምርተ ጥቅስ እንዲታጠር ያዛል። 1200 ብሎ መጻፍ ከዚህ ሁሉ ያድናል። በግዕዝ አኃዝ የተጻፈም ቁጥር ለዓይን ቢያምር ኤክሴል እንደ ቃል ስለሚቆጥረው አይደምረውም።

የሚከብደው ባለ ሁለት ደረጃ አርእስት ነው፤ ለምሳሌ «መኸር» የሚለው ቃል በላይ ሆኖ ጤፍና ስንዴ በሥሩ የተከፈሉበት፣ «በልግ»ም እንዲሁ። ጆን ግሩበር በ2004 ዓ.ም. (በአውሮፓ) ያወጣው ማርክዳውን የተባለው የአጻጻፍ ሥርዓት ሲጀመር የሠንጠረዥ ምልክት አልነበረውም፤ ኋላ የተጨመረለትም በቁም መስመር የሚለየው ሠንጠረዥ በአብዛኛው ሣጥኖችን ማጣመር አይችልም። ሪስትራክቸርድቴክስት የሚባለው ግን በሰረዝና በመደመር ምልክት በተሣለ ፍርግርግ ማጣመርን ይፈቅዳል። ሆኖም አንድ ቃል በረዘመ ቁጥር ፍርግርጉ እንደ ገና መሣል አለበት፤ በግዕዝ ፊደልም ሲሆን ለዓይን ቀጥ ብሎ አይቆምም። ለወረዳ ጸሓፊ ይህ ድካም የተገባ አይደለም።

የሚሻለው አርእስቱን ማፍረስ ነው። ኤድጋር ኮድ በ1970 ዓ.ም. (በአውሮፓ) ለመረጃ መዝገብ ባወጣው ሐሳብ መረጃ ሁሉ በቀላል ረድፍና ዓምድ እንዲቀመጥ፣ በአንዱም ሣጥን አንድ ነገር ብቻ እንዲገባ መከረ። በዚሁ መንገድ ወቅቱ ከአርእስትነት ወርዶ ራሱን የቻለ ዓምድ ይሆናል፤ ለአብነት ያህል፦

ቀበሌ | ወቅት | ሰብል | ሄክታር | ኩንታል
01 | መኸር | ጤፍ | 60 | 1080
01 | መኸር | ስንዴ | 40 | 1200
01 | በልግ | ገብስ | 15 | 300
02 | መኸር | ጤፍ | 35 | አልደረሰም

ሰፊ ሠንጠረዥ የለመደ ሹም «መኸር» የሚለው ቃል በየረድፉ መደጋገሙን አይወድ ይሆናል፤ ወረቀቱም ይረዝማል። ግን ረድፉ ከሌሎቹ ተለይቶ ቢቀዳ እንኳ ትርጓሜውን ይዞ ይሄዳል፤ በጠባቡ የስልክ ገጽም ላይ አይሰበርም። ሰፊውን መልክ የሚፈልግ ሰው ከዚህ ዝርዝር በኤክሴል መልሶ ሊያወጣው ይችላል፤ ከተዘባረቀ ሰፊ ሠንጠረዥ ዝርዝሩን ማውጣት ግን እጅግ ያስቸግራል። የወረዳው ስምና ዓመተ ምሕረቱ ከላይ አንድ ጊዜ ይበቃሉ፤ የብዙ ወረዳ መግለጫ በአንድነት ሲጠቃለል ግን ለእነርሱም ዓምድ ይጨመራል።

ባዶ ሣጥን መተው አይገባም። ተለክቶ ምንም ያልተገኘበት እንደ ሆነ 0፣ ወሬው ገና ያልመጣ እንደ ሆነ «አልደረሰም» ተብሎ ይጻፋል፤ ሁለቱ ቢደባለቁ በረዶ የመታው ቀበሌና ጸሓፊው የዘገየበት ቀበሌ አንድ ሆነው ይታያሉ። ድምር በረድፎች መካከል አይገባም፤ ኋላ ሲደመር ሁለት ጊዜ ይቆጠራልና። ስለ ተምችና ስለ ዋግ የሚነገረው ረዥም ሐተታም ከሠንጠረዡ በታች በተራ ቁጥር ይጻፍ።

መግለጫውን የሚቀበለው ጸሓፊ ቁጥሩን ከማየቱ በፊት ቁም መስመሮቹን ይቁጠር፤ ከላይ እንደ ተጻፈው ባለ አምስት ዓምድ ሠንጠረዥ በየረድፉ አራት ሊገኙ ይገባል፤ ሦስት ወይም አምስት የተገኙበት ረድፍ ወደ ላከው ቀበሌ ተመልሶ ይጠየቅበታል።