ከቆጠራው በኋላ የድምፅ መስጫ ወረቀቱን ማን ያያል?

ምርጫ አልቆ ውጤቱ ከተነገረ በኋላ የድምፅ መስጫ ወረቀቶቹ የት ይገባሉ? አንድ ዜጋ «እስቲ ራሴ ልያቸው» ቢል ይፈቀድለታል? አሜሪካ በዚህ ጉዳይ ብዙ ዓመት የሠራችበት ልምድ አላት። ነገሩ ዜግነት አግኝተው በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያና በሌሎች ግዛቶች ድምፅ የሚሰጡ ወገኖቻችንንም በቀጥታ ይመለከታል።

በመጀመሪያ ሁለት ሰነዶችን እንለይ። የመራጮች መዝገብ ማን እንደተመዘገበና በየትኛው ምርጫ እንደተሳተፈ ያሳያል፤ ማንን እንደመረጠ ግን አይናገርም። የድምፅ መስጫ ወረቀቱ ደግሞ የተመረጠውን ያሳያል፤ የመራጩ ስም ግን የለበትም። የምስጢር ድምፅ መሠረቱ ሁለቱ እንዳይገናኙ መደረጉ ነው። ወረቀቱን ለሕዝብ ማሳየት የሚቻለውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ሰነዶቹ እስከ መቼ ይቆያሉ?

በፌዴራል ምርጫ የተሠራባቸው ሰነዶች ለ22 ወራት መጠበቅ አለባቸው። ይህን የደነገገው እ.ኤ.አ. የ1960ው የሲቪል መብቶች ሕግ ነው። በዚያን ጊዜ በደቡብ ግዛቶች ጥቁሮች እንዳይመዘገቡ ይከለከሉ ነበር፤ መርማሪዎች ሲመጡም መዝገብ አናሳይም የሚሉ የአካባቢ ሹማምንት ነበሩ። ሰነድ ከጠፋ በደልን ማስረዳት አይቻልምና ሕጉ ማጥፋትን ወንጀል አደረገው። ሆኖም ተጠብቆ መቆየትና ለሕዝብ መከፈት የተለያዩ ናቸው። ወረቀቱን ማን ማየት እንደሚችል የሚወስነው የየግዛቱ ሕግ ነው።

ፍሎሪዳ፣ 2000

በፕሬዚዳንታዊው ምርጫ ጆርጅ ቡሽ 6 ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ ድምፅ በሰጠበት ግዛት ተፎካካሪያቸውን አል ጎርን የበለጡት በ537 ድምፅ ብቻ ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ድጋሚ ቆጠራውን ካስቆመ በኋላም ጥርጣሬው አልበረደም። የፍሎሪዳ ሕግ ግን ወረቀቶቹን ለማንኛውም ጠያቂ ክፍት ያደርጋል፤ በእጅ መንካት የሚፈቀደው ለምርጫ ሠራተኞች ብቻ ነው። ሠራተኛው ወረቀቱን አንስቶ ያሳያል፣ ጠያቂው አይቶ ይመዘግባል።

በዚህ መንገድ የመገናኛ ብዙኃን ስብስብ ያሠማራቸው የኖርክ የምርምር ማዕከል ባለሙያዎች ማሽን ያልቆጠራቸውን 175,010 ወረቀቶች አንድ በአንድ መረመሩ። መራጩ የሚበሳው ቀዳዳ በከፊል ብቻ የተከፈተም ሆነ ከአንድ በላይ ዕጩ የተመረጠበት ወረቀት ሁሉ ተመዘገበ። በ2001 የወጣው ውጤት ማንንም ሙሉ በሙሉ ደስ የሚያሰኝ አልነበረም፤ ጎር የጠየቁት የአራት ካውንቲዎች ቆጠራ ቢካሄድ ቡሽ ያሸንፉ ነበር፤ በመላው ግዛት ውድቅ የተደረጉት ሁሉ ቢታዩ ግን ጎር በጥቂት ድምፅ ይመሩ ነበር። ሥልጣን የያዘውን ሰው አልቀየረም። ሕዝቡ ግን ከወሬ ይልቅ ማስረጃ አገኘ።

ሀምቦልት፣ 2008

በካሊፎርኒያዋ ሀምቦልት ካውንቲ የምርጫ ኃላፊዋና በጎ ፈቃደኞች የእያንዳንዱን ድምፅ መስጫ ወረቀት ምስል በስካነር አንስተው ለሕዝብ አቀረቡ። የምስሎቹ ቁጥርና የይፋው ውጤት ሲነጻጸሩ 197 ወረቀቶች ሳይቆጠሩ መቅረታቸው ታወቀ። ያጠፋቸው የቆጠራው ሶፍትዌር እንከን ነበር። በመጋቢት 2009 ግዛቲቱ ለሶፍትዌሩ የሰጠችውን ፈቃድ አነሳች። ወረቀቶቹ እንደታሸጉ ቢቀሩ ኖሮ ስህተቱ ወደ ሌላ ምርጫ ይሻገር ነበር።

ገደቡ የት ነው?

ከመራጮች መዝገብ ስም፣ አድራሻና የተሳትፎ ታሪክ በብዙ ግዛቶች ለጠያቂ ይሰጣል፤ አንዳንዶቹ ግን የሚሰጡት ለዕጩዎች፣ ለፓርቲዎችና ለተመራማሪዎች ብቻ ነው። የማኅበራዊ ዋስትና ቁጥር ይሸፈናል። ከሚያሳድዳቸው ሰው የተሸሸጉ መራጮችም አድራሻቸው እንዳይታይ የሚያደርግ አሠራር አለ።

ወረቀቱም ቢሆን ጥንቃቄ ይሻል። በአንድ ጣቢያ አንድ ሰው ብቻ ድምፅ ሰጥቶ ከሆነ፣ መዝገቡንና ወረቀቱን ያየ ሁሉ ምርጫውን ያውቅበታል። ኮሎራዶ ወረቀቶቹን ለሕዝብ ስትከፍት መራጩን ሊያጋልጡ የሚችሉት ተለይተው እንዲጠበቁ ያዘዘችው ለዚህ ነው። ወረቀቱ ላይ ስም መጻፍና መፈረምም መቅረት አለበት፤ ድምፅ ገዢ የከፈለበትን የሚያረጋግጠው በእንዲህ ዓይነቱ ምልክት ነው።

መራጭ የሆነ ሁሉ የራሱን የተሳትፎ ታሪክ ከካውንቲው የምርጫ ጽሕፈት ቤት ጠይቆ ማየት ይችላል። ድምፅ ሰጥቶ ሳለ «አልተሳተፈም» ተብሎ ከተመዘገበ ያመልክት። ወረቀት ማየት የሚፈልግም የግዛቱ ሕግ የሚፈቅድ ከሆነ ውጤቱ ከጸደቀ በኋላ በጽሑፍ ይጠይቅ፤ ክፍያ ሊኖረው ይችላል። የተሸነፈ ወገን ውጤቱን የሚቀበለው እመኑኝ ስለተባለ አይደለም፤ ራሱ ፈትሾ ማረጋገጥ ሲችል ነው። ስለዚህ የመራጩ ስም ተሰውሮ፣ ድምፁ ግን ለምርመራ ክፍት ሆኖ መኖር አለበት።