እንዴት ይሠራል? ሰውን ከልጅነት እስከ ሽምግልና የሚከተል ፊልም

ዘጋቢ ፊልም የሚሠራ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ቀረጻውን በሳምንታት ወይም በወራት ይጨርሳል። ሁለተኛውን ትዕይንት ለመቅረጽ ሰባት ዓመት መጠበቅ ያለበት ሰውስ ሥራውን እንዴት ይይዘዋል? ባለታሪኮቹ ተራ ሰዎች ናቸው። ያገባሉ፣ ይፋታሉ፣ አገር ይቀይራሉ፤ አንዳንዶቹም ካሜራ የሚባል ነገር ዳግም ማየት አይፈልጉም። እንዲህ ያለ ፊልም በምን እንደሚቆም ለመረዳት እንግሊዞች «አፕ» ብለው የሰየሙትን ተከታታይ ፊልም ከፋፍሎ ማየት ጥሩ መነሻ ነው።

ነገሩ እ.ኤ.አ. በ1964 ተጀመረ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚያው አቆጣጠር ናቸው)። ግራናዳ የተባለው የቴሌቪዥን ጣቢያ ሰባት ዓመት የሆናቸውን 14 ሕፃናት ይዞ «ሰቨን አፕ» የሚል የአንድ ጊዜ ፕሮግራም አቀረበ። ከሀብታም ቤት የመጡ፣ ከምሥራቅ ለንደን የሠራተኛ ሰፈር የመጡ፣ ከሕፃናት ማሳደጊያ የመጡ ነበሩባቸው። ጥያቄው ግልጽ ነበር፦ የእንግሊዝ ልጅ ዕጣ ፈንታ በተወለደበት ቤት ተወስኖ ያልቃል ወይ? ዳይሬክተሩ ካናዳዊው ፖል አልመንድ ሲሆን፣ ልጆቹን ከየትምህርት ቤቱ ካፈላለጉት አንዱ ማይክል አፕትድ የተባለ ወጣት ነበር። ቀጣይ ክፍል ይኖረዋል ብሎ ያሰበ አልነበረም። በኋላ ልጆቹ የት ደረሱ የሚል ሐሳብ ተነሣና አፕትድ በ1970 ራሱ ዳይሬክተር ሆኖ ተመለሰባቸው። ከዚያ ወዲህ ሆሊውድ ገብቶ የጄምስ ቦንድ ፊልም ሳይቀር ሠርቷል፤ ጊዜው ሲደርስ ግን ወደ እነዚያው ሰዎች ይመለስ ነበር። «63 አፕ» በ2019 ወጣ፤ አፕትድ በ2021 አረፈ።

ለምን በየሰባት ዓመቱ? ሰውን በየዓመቱ ብንቀርጸው ለውጡ በጣም ትንሽ ስለሚሆን ተመልካቹ አያስተውለውም። በየሃያ ዓመቱ ቢሆን ደግሞ መሀሉ ይጠፋል፤ የሃያ አንድ ዓመቱን ኩርፊያ ሳናይ የሃያ ስምንት ዓመቷን ደስተኛ እናት ማመን ይቸግረናል። ሰባት ዓመት ሕፃኑን ጎረምሳ፣ ጎረምሳውን ሠራተኛ፣ ሠራተኛውን ወላጅ ያደርጋል። ከዚህ በላይ የምወድለት ሌላ ጥቅም አለው፦ ባለታሪኩ ካሜራውን ረስቶ የራሱን ኑሮ ለመኖር ጊዜ ያገኛል።

ዋናው ጥበብ ያለው ግን ቅንብሩ ላይ ነው። እያንዳንዱ አዲስ ክፍል የቀድሞዎቹን ላላየ ተመልካችም መግባት አለበት፤ ስለዚህ አሮጌው ቀረጻ በየጊዜው ይመለሳል። ከእያንዳንዱ ቡኮ ለቀጣዩ እርሾ እንደሚተርፍ ሁሉ፣ ከእያንዳንዱ ክፍልም ለሚመጣው የሚሻገር ነገር አለ። ጠያቂው ስለ ፍቅር፣ ስለ ሥራ፣ ስለ ገንዘብና ስለ ነገ ተስፋ የሚያነሣቸው ጥያቄዎች ተቀራራቢ ስለሆኑ፣ የሰባት፣ የሃያ አንድና የአርባ ዘጠኝ ዓመቱ መልስ ተከታትሎ ይሰካል። ፊቱ ዓይናችን እያየ ያረጃል፤ ድምፁ ይጎረናል፤ ሐሳቡ አንዳንዴ ይገለበጣል፣ አንዳንዴም ቃል በቃል ያው ሆኖ ይገኛል። ተዋናይ በሜካፕ የማይደርስበት ነገር ነው።

ችግሩም ከዚሁ ይወለዳል። ዕድሜ ሲከማች ለእያንዳንዱ ዘመን የሚተርፈው ደቂቃ ይቀንሳል። ሕፃኑ በ1964 ብዙ ተናግሮ ይሆናል፤ ዛሬ የሚታየው ግን አንዲት ዐረፍተ ነገር ብቻ ናት። እሷን የመረጠው ሰው ነው እንግዲህ ይህ ልጅ ማን እንደነበር ለዓለም የሚወስነው። ከባለታሪኮቹ አንዷ በ«49 አፕ» አፕትድን ፊት ለፊት ስለ አሣሣሉና ስለ አጠያየቁ ሞግታዋለች። እሱም ሙግቱን ቆርጦ አልጣለውም፤ ፊልሙ ውስጥ አስገባው። ለእኔ ከተከታታዩ ሁሉ ታማኙ ትዕይንት ይሄ ነው። ጥሬው ቀረጻ እንዳለ መቀመጥ ያለበትም የሚመርጠው ሰው ሊሳሳት ስለሚችል ነው፤ ዛሬ የማይረባ የመሰለ ደቂቃ ከሠላሳ ዓመት በኋላ የሰውየውን ሕይወት የሚያስረዳ ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

የአፕትድ ሌላ ጥፋት ከዚህ ይብሳል። ባለታሪኮቹ 21 ዓመት ሲሞላቸው አንዱን የምሥራቅ ለንደን ልጅ «ይሄማ እስር ቤት መግባቱ አይቀርም» ብሎ ገመተና የወንጀለኛ መናኸሪያ በሚባሉ ቦታዎች እያዞረ ቀረጸው፤ በኋላ ይጠቅመኛል ብሎ ነው። ልጁ ግን የታክሲ ሹፌር ሆነ፣ ቤተሰብ መሠረተ፣ ኑሮውን አሻሻለ። አፕትድ ከዚያ በኋላ ትንበያ እንደተወ በግልጽ ተናግሯል። ከ14ቱ ልጆች ሴቶቹ አራት ብቻ መሆናቸውንም ሲጸጸትበት ኖሯል፤ የእንግሊዝ ሴቶች ሕይወት እጅግ የተለወጠበት ዘመን ነበርና ያመለጠው ብዙ ነው። በ1964 በችኮላ የተደረገ ምርጫ ደግሞ ሊታረም አይችልም። የሰባት ዓመት ልጅ ኋላ ተመልሶ አይገኝም።

ሰዎቹስ ለምን ይመለሳሉ? ክፍያ አለ፤ ግን ገንዘብ ብቻውን ይህን ያህል ዘመን አያቆይም። ያቆየው የሚያውቁት ፊት ይመስለኛል። ካሜራማኑ ጆርጅ ጄሲ ተርነርና አርታኢው ኪም ሆርተን ለአሥርት ዓመታት አልተቀየሩም። እንዲያም ሆኖ የወጡ አሉ። አንዱ በ28 ዓመቱ መንግሥትን በመተቸቱ ጋዜጦች ስለዘመቱበት ተወው፤ በ56 ዓመቱ የሙዚቃ ቡድኑን ለማስተዋወቅ ተመልሶ መጣ። ካሜራው ሕይወትን ዝም ብሎ እንደማይመለከት የሚያሳይም አለ። በሰባት ዓመቱ ሲፈነጥዝ የነበረ የሊቨርፑል ልጅ በ28 ዓመቱ ቤት አልባ ሆኖ በስኮትላንድ ሲንከራተት ተገኘ። በኋላ ለንደን ሲመጣ ያስጠጋው ከዚያው ፊልም ባለታሪኮች አንዱ ነበር፤ በ«42 አፕ» የአካባቢ ምክር ቤት አባል ሆኖ እናየዋለን። ፊልሙ ባይኖር ሁለቱ ይተዋወቁ ነበር ለማለት ይቸግረኛል።

እንግሊዞች ግን የመጀመሪያዎቹ አይደሉም። ምሥራቅ ጀርመናዊው ቪንፍሪድ ዩንገ በ1961፣ የበርሊን ግንብ መሠራት በጀመረበት ሰሞን፣ ጎልዞቭ በምትባል መንደር ትምህርት ቤት የገቡ ሕፃናትን መቅረጽ ጀመረ። ዓላማው በሶሻሊዝም ውስጥ የሚያድገውን ትውልድ ማሳየት ነበር። በ1990 ግን ያ አገር ራሱ ከካርታ ጠፋ። ዩንገ ከባለቤቱ ከባርባራ ጋር ሆኖ እስከ 2007 ቀጠለ፤ አንድ ሥርዓት ሲፈርስ በትራክተር ነጂውና በፋብሪካ ሠራተኛው ጓዳ ምን እንደተፈጠረ ከዚያ በኋላ ነው የታየው። ቼካዊቷ ሄሌና ትሬሽቲኮቫ ደግሞ «ሬኔ» ለተባለው ፊልሟ እስር ቤት የሚመላለስ አንድ ወጣት ለሃያ ዓመት ያህል ተከትላለች። ሰውየው የራሷን ቤት ሳይቀር ዘርፏታል፤ መቅረጿን ግን አላቆመችም።

ኢትዮጵያም በዚህ ዘዴ ውስጥ አለች፣ በፊልም ሳይሆን በጥናት። «ያንግ ላይቭስ» የተባለው ምርምር ከ2002 ጀምሮ በኢትዮጵያ፣ በሕንድ፣ በፔሩና በቬትናም 12,000 ያህል ልጆችን በየጥቂት ዓመቱ እየተመለሰ ሲጠይቅ ቆይቷል፤ 3,000 ያህሉ ኢትዮጵያውያን ናቸው። አሠራሩ ያው መመለስ ነው፤ ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው። ጥናቱ ስምን ይደብቅና ቁጥሩን ያወጣል፤ ፊልሙ ቁጥር የለውም፣ ፊትን ግን ያጋልጣል። የፊልም ባለታሪክ መደበቂያ የለውም።

ቤት ውስጥ ለመሞከር ስልክ ይበቃል። አራት አምስት ጥያቄ ጻፉና በየዓመቱ በእንቁጣጣሽ ሳትቀይሩ ጠይቁ፦ ማንን ትወዳለህ? ምን ትፈራለህ? ስታድግ ምን መሆን ትፈልጋለህ? እንዲያምር ብላችሁ አትቁረጡት፤ ሙሉውን አስቀምጡ። ቀኑንና ቦታውን ከመጀመሪያው በድምፅ ተናገሩ፣ ምክንያቱም ስልክ ሲቀየር የፋይሉ ስምና ቀን ሊጠፋ ይችላል። አንዱን ቅጂ ሌላ ከተማ ወይም ውጭ አገር ያለ ዘመድ ዘንድ አኑሩ። ልጁ ከፍ ሲል ደግሞ እንደገና ፈቃዱን ጠይቁት፤ እምቢ ካለ የዚያ ዓመት ክፍል ባዶ ይቅር።