ጅቡቲ ከማራገፍ ወዲያ

ጋላፊን አልፎ፣ የዲኪልን ሙቀት ችሎ ጅቡቲ የሚደርስ የኢትዮጵያ ተሳቢ ሾፌር ሐሳቡ ሁሉ ወረፋ ላይ ነው፤ መቼ ተጭኖለት መቼ እንደሚመለስ ብቻ ያሰላል። ከተማዋም ለረጅም ዘመን የኖረችው በዚሁ ነው። መርከብ ያራግፋል፣ ባቡርና መኪና ይጭናል፣ እሷ መሐል ላይ የአገልግሎት ክፍያዋን ትሰበስባለች። ከኢትዮጵያ የወጪና ገቢ ንግድ ከ90 በመቶ ያላነሰው በእጇ ያልፋል።

ያልፋል እንጂ አይቆይም፤ ችግሩም እዚያ ላይ ነው። ወደብ በዘመነ ቁጥር የሚፈልገው የሰው ጉልበት ይቀንሳል፤ አንድ ክሬን የስንቱን ተሸካሚ ሥራ እንደሚወስድ ለማንም ግልጽ ነው። ሥራ አጥ ወጣት የበዛባት አገር በዚህ ብቻ መዝለቅ አልቻለችም።

በሰኔ 2010 ዓ.ም. ከቻይና ኩባንያዎች ጋር በሽርክና የተከፈተው ዓለም አቀፍ ነፃ የንግድ ቀጠና የዚህ ጭንቀት ውጤት ነው። ሙሉ ዕቅዱ 4,800 ሄክታር ይሸፍናል፤ ወጪው 3.5 ቢሊዮን ዶላር ተገምቷል። የመጀመሪያው ምዕራፍ 240 ሄክታር ነው። ወደ ሶማሌላንድ ድንበር በሚወስደው አቅጣጫ ደግሞ የነዳጅ መቀበያንና ከባድ ኢንዱስትሪን ያጣመረ ሌላ ፓርክ በዳመርጆግ እየተስፋፋ ነው።

መሬቱ አለ። ምን ይመረትበት?

ለባለሀብት የሚያጓጓ ነገር አይጠፋም። የጅቡቲ ፍራንክ ከ1949 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከዶላር ጋር የታሰረ ነው፤ ትርፉን ወደ አገሩ ለመላክ የውጭ ምንዛሪ ወረፋ የጠበቀ የፋብሪካ ባለቤት የዚህን ጥቅም ያውቀዋል። ውኃና መብራት ላይ ሲደረስ ግን ወሬው ይቀዘቅዛል። መብራቱ በብዛት ከኢትዮጵያ የሚገዛ ነው፤ ውኃም ከሶማሌ ክልል በቧንቧ ይመጣል። የጅቡቲ መንግሥትም እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። ዶራሌ ላይ በቀን 22,500 ሜትር ኩብ ውኃ ከባሕር የሚያጣራ ጣቢያ በ2013 ዓ.ም. ተመርቋል፤ ጉቤት ላይ ደግሞ 60 ሜጋ ዋት የሚያመነጩ 17 የነፋስ ተርባይኖች ተተክለዋል። ለከተማዋ ትልቅ እፎይታ ነው፤ ለብረት ማቅለጫ ግን ምኑም አይደለም።

ስለዚህ ልብስ ስፌትና የመኪና መገጣጠም ለጅቡቲ የሚሆኑ አይመስልም። በዚያው የባቡር ሐዲድ ላይ፣ ርካሽ ጉልበትና ርካሽ መብራት ይዛ፣ ብዙ ሕዝብ ላለው ገበያ ቀርባ ድሬዳዋ ተቀምጣለች፤ የራሷን ነፃ የንግድ ቀጠናም በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ከፍታለች።

ጅቡቲን የሚያዋጣት ከባሕሩና ከምድሯ የማይነጠለው ሥራ ነው። ከባሕር ወለል በ155 ሜትር ዝቅ ብሎ የሚገኘው የአሳል ሐይቅ ከውቅያኖስ አሥር እጥፍ ገደማ ጨዋማ ነው። አፋሮች ጨዉን በግመል ወደ ኢትዮጵያ ሲያመላልሱ ኖረዋል፤ ዛሬ በመርከብ የሚወጣበት ወደብ ጉቤት ላይ ተሠርቶለታል። ከዚሁ ውኃ የሚገኘው ብሮሚን ለእሳት መከላከያ ኬሚካሎችና ለነዳጅ ጉድጓድ ቁፋሮ ስለሚፈለግ፣ ከገበታ ጨው ይልቅ ዋጋ ያወጣል።

ሁለተኛው የመርከብ ጥገና ነው። ባብ ኤል መንደብ አፍ ላይ ለተቀመጠች ከተማ ሞተሩ የታመመ መርከብ እስከ ዱባይ ሲጎተት ማየት ያስቆጫል። የአሜሪካ፣ የፈረንሳይ፣ የጃፓን፣ የጣሊያንና የቻይና ጦር ሰፈሮች ጎን ለጎን የሰፈሩባት አገር ደንበኛ አታጣም ብሎ መገመትም ይቻላል። እርግጥ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የሁቲዎችን ጥቃት የሸሹ ብዙ የንግድ መርከቦች አፍሪካን በደቡብ ጫፍ መዞር መርጠዋል፤ በአላፊ መርከብ ላይ የተመሠረተ ዕቅድ ይህንንም ሒሳብ ውስጥ ማስገባት አለበት።

ከሁሉ የቀረበው ግን ከብት ነው። ከኢትዮጵያና ከሶማሊያ የሚመጡ በጎች፣ ፍየሎች፣ ከብቶችና ግመሎች በዳመርጆግ የእንስሳት ማቆያ የጤና ምርመራ አልፈው፣ በቁማቸው ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ይጫናሉ። እዚያው ዳመርጆግ ቢታረዱ ቆዳው፣ ሆድ ዕቃውና የማቀዝቀዣ መጋዘኑ ሥራ ለጅቡቲ በቀረ ነበር። ቄራ ግን ውኃ ይጠጣል፤ ለአረፋ በዓል ደግሞ ገዢው እንስሳውን በቁሙ ነው የሚፈልገው። ደግሞም በዚህ ንግድ ነባር የሆነችው በርበራ የኢኮኖሚ ቀጠናዋን በ2015 ዓ.ም. ከፍታለች፤ የሶማሌ ክልል አርቢ ዋጋውን አይቶ መንጋውን ወደ የትኛው ወደብ እንደሚነዳ የሚወስነው ራሱ ነው።